በስሜ የታከመች

«ቱቦሽ ከታሰረ ሁለት ዓመት ከአራት ወር ሆኖታል፤ ታዲያ ልጅ ከየት ይምጣ?» አለኝ ዶክተሩ፣ ዓይኑን ከካርዱ ላይ ሳያነሳ። እኔ ከኋላዬ ለቆመች ሌላ ሴት የተናገረ መስሎኝ ዞር አልኩ። ከኋላዬ ያሉት ግን ስለ ጡት ማጥባት የሚያስተምር ፖስተርና ባሌ ጥጋቡ ብቻ ነበሩ። ጥጋቡ ለዚህ ቀን ከግብርና ቢሮ የግማሽ ቀን ፈቃድ ወስዷል፤ ነጭ ሸሚዙን የተኮስኩለት ራሴ ነኝ። ሰባት ዓመት ሙሉ «አብረን እንመርመር» ብዬ ስለምነው «የእግዚአብሔር ሥራ ነው» ሲለኝ ኖሮ፣ ዛሬ የመጣው እናቱ ስለተቆጣችው ነው። «የማን ቱቦ?» አልኩ። «ያንቺ ነዋ! አልጋነሽ አንጁሎ አይደለሽም? በገዛ ፈቃድሽ አሻራሽን አድርገሻል፤ ይኸው።» ጥጋቡ ካርዱን እንጂ እኔን አላየም። «በፈቃዷ?» ብሎ ዶክተሩን ጠየቀው። «በፈቃዷ» አለው። ተነስቶ ወጣ። የበሩ መዝጊያ የተሰበረ ስለሆነ ማላተም እንኳን አልሆነለትም፤ በሩ ቀስ ብሎ ተመልሶ ተከፈተ፤ ደጅ የተሰለፉት ሴቶችም አንገታቸውን አስግገው አዩኝ።

እኔ እኮ በዚያ ሆስፒታል አንድም ቀን ታክሜ አላውቅም። ጉንፋን ሲይዘኝ ዳታ የምንለው የቃሪያ ድልህ በደንብ አቃጥሎኝ ያልበኛል፣ በማግስቱ ስፌት መኪናዬ ላይ እቀመጣለሁ። ሆስፒታሉን የሠራው ሕዝቡ ነው፤ ብር ያለው ብር አዋጥቶ፣ የሌለው ድንጋይ ተሸክሞ። ነፍሱን ይማረውና የባሌ አባት አንድ በሬ ሸጦ ሰጥቷል፤ ስለዚህ አማቴ እማማ ዓመለወርቅ ስለ ሆስፒታሉ ስታወራ ስለ ጓሮዋ የምታወራ ነው የሚመስላት። የዛሬ ሁለት ዓመት ክረምት ላይ ሴት ልጇን ፈጠነችን ይዛ ከጉኑኖ መጣች። «ሆዷን እያመማት ነው፤ የነሱ የጤና መድህን ደብተር አልታደሰም፤ ያንቺን ስጫት። የኛው ሆስፒታል አይደል እንዴ? ለወንዶቹ ግን አትንገሪ፣ ነገር ያበዛሉ» አለችኝ። ሰጠሁ። በኛ ሰፈር የጤና መድህን ደብተር እንደ ወንፊት ነው፤ ያለው ለሌለው ያውሳል፤ ካርድ ክፍል ያለችው ልጅም ፎቶውን ቀና ብላ አታይም። ደብተሩ ላይ እኔና ጥጋቡ ተጠጋግተን የተነሳነው አንድ ፎቶ ተለጥፏል፤ ፀሐይ በልቶት እኔም ሻሽ ያሰረች ማንኛዋም ሴት እመስላለሁ። ፈጠነች በሦስተኛው ቀን ደብተሩን ከአንድ እቅፍ ሙዝ ጋር መለሰችልኝ። «ምን አሉሽ?» ስላት «ጨጓራ ነው» አለች። በዚህ ተረሳ።

ዶክተር ብሥራት የሚባለው ይህ ልጅ ከሌላ ክልል ተመድቦ የመጣ ነው። ዓይኑ በእንቅልፍ እጦት ቀልቷል፤ ደጅ ከቢጠና ድረስ የመጣ ሰው ተሰልፎ ይጠብቀዋል፤ የእኔን ጉዳይ የሚፈልገው ሰው አይደለም። ቢሆንም ቀሚሴን ከፍ አድርጌ «እስቲ የታሰረውን አሳየኝ» አልኩት። መጋረጃውን ሳበና አየ፤ ጠባሳ የለም። ከዚያ ካርዱን ከመጀመሪያው ጀምሮ ገለጠው። «ስድስት ጊዜ ወልዳለች ይላል እኮ» አለ። «እኔ አንድም አልወለድኩም። ደግሞ እኔ እፈርማለሁ እንጂ አሻራ አላደርግም፤ ስምንተኛ ክፍል ደርሻለሁ።» ብዕሩን ጠረጴዛው ላይ ጣለው። «እናንተ ሰዎች ለምንድን ነው እንዲህ የምታደርጉት? ነገ ደም የሚያስፈልግሽ ቀን የሷን የደም ዓይነት ሰጥተን እንግደልሽ?» አለ። ይህን በወረቀት ጽፈህ ስጠኝ፣ ለባሌ ላሳየው አልኩት። ካርድ ከግቢ አይወጣም አለኝ። እሱ ከጻፈ ደግሞ ጉዳዩ ወደ መድህን ቢሮ ይሄዳል፤ የታከመችው ሴት ተፈልጋ ትጠራለች። «ራሷ መጥታ ታስተካክል። እስከዚያ አንቺ ቱቦዋ የታሰረ ሴት ነሽ» አለና የሚቀጥለውን ስም ጠራ።

ግቢው ውስጥ ካለው ጽድ ስር ቆሜ ለጥጋቡ ደወልኩለት፤ ዘግቶታል። ትንሽ ቆይቶ መልእክት ገባ፦ «አስር ሰዓት ሽማግሌ ይቀመጣል። ኤርካሎንም ጠርቻለሁ።» ኤርካሎ ማለት የፈጠነች ባል ነው። ከሰው ሁሉ መርጦ እሱን! ያን ጊዜ ሳቅ መጣብኝ፤ አጠገቤ ልጇን አዝላ የተቀመጠች ሴት ያመመኝ መስሏት ከውሃዋ ሰጠችኝ። ገና አራት ሰዓት ነበር። ስልኩን ከፍቶ ቢሆን ሁሉንም እዚያው እነግረው ነበር፤ ግን ልጅ አልባ ምራትን ማን ብሎ ያምናታል? የባሏን እህት ስም አጠፋች ነው የሚሉት። ፈጠነች ራሷ መጥታ ለወንድሟ መናገር አለባት፤ ለወንድሟ ብቻ። መናኸሪያ ሄጄ የጉኑኖ ሚኒባስ ውስጥ ገባሁ። ታሪፉ ስልሳ ነው፣ ረዳቱ ሰማንያ አለ፤ ሌላ ቀን ቢሆን እጨቃጨቀው ነበር። ከፊቴ የተቀመጡ ሁለት ሴቶች አንዲት ጎረቤታቸውን መንገዱን ሙሉ ሲያሟት ሄዱ፤ የሚያሟት መኻን ስለሆነች ነው። «ቤቱ እኮ ድምፅ የለውም» አለች አንደኛዋ። እኔም በልቤ፣ የኔም ቤት ድምፅ ያለው ስፌት መኪናው ብቻ ነው አልኩ።

ፈጠነች ጓሮ እንሰት ትፍቅ ነበር። ሳንቃውን ተደግፋ፣ አንድ እግሯን ሰቅላ፣ ላቧ አገጯ ላይ ይንጠባጠባል። ልጆቹ ዙሪያውን ናቸው፤ ትልቋ ውሃ ልትቀዳ ሄዳለች፤ ትንሹ ሦስት ዓመት ሞልቶት ገና እናቱን «አዝዪኝ» እያለ ያለቅሳል። እንዳየችኝ ነገሩን አወቀችው፤ ለሰላምታ እንኳን አልተነሳችም። በወላይትኛ ነው የተነጋገርነው፤ ወላይትኛ ደግሞ ለጠብ ይመቻል። «ምን አስደረግሽ በስሜ?» አልኳት። መፋቂያውን አስቀምጣ፣ ልጆቹን አባራ፣ ቀሚሷን ገለጠች። ከእንብርቷ በታች፣ ወደ ግራ ዞር ያለ፣ አንድ ጣት የሚሆን ጠባሳ፤ እንደ ትል አብጧል። «ይኸው ያንቺ ጠባሳ» አለችኝ። «ስድስተኛውን ስወልድ ደሜ አልቆ ነበር። ሰባተኛ ካረገዝሽ እንቀብርሻለን አሉኝ። ለኤርካሎ ስነግረው እናቴ አስራ አንድ ወልዳለች አለ። በቃ፣ ይኸው ነው መልሱ። ጠባሳውን ሲያይ ትርፍ አንጀት ነው አልኩት።»

ለምን እንደዋሸችኝ አልጠየቅኳትም፤ ይገባኛል። ኤርካሎን አውቀዋለሁ፤ አንድ ፋሲካ ላይ ወጥ ዘገየ ብሎ በሰው ፊት ምን እንዳደረጋት አይቻለሁ። ከነልጆቿም አሳዘነችኝ፣ አልዋሽም። «አሁን አብረሽኝ ነይ፤ ለጥጋቡ ብቻ ንገሪው። ወንድምሽ ነው፣ ይሸፍንልሻል» አልኳት። «ጥጋቡ ሆዱ ውስጥ ነገር አያድርም። ከሱ ሰማ ማለት ኤርካሎ ሰማ ማለት ነው።» «እኔስ? ዛሬ አስር ሰዓት ላይ እኔ ልፈታ ነው፣ ገባሽ?» መፋቂያዋን መልሳ አነሳች። ፊቷን እያየሁት ደነደነ። «አንቺ ምን ይቀርብሻል?» አለችኝ። «ቢፈታሽ አረካ አባትሽ ቤት ትገቢያለሽ። የምትጎትችው ልጅ የለሽ። ዛሬ ባይፈታሽ የዛሬ ዓመት ይፈታሻል፤ መኻን ናት ብሎ። እኔ ስድስቱን ይዤ የት ልግባ?» እጄ በጥፊ ሊመታት ተነስቶ ነበር፤ ሰብስቤ መለስኩት። «እናትሽ ታውቃለች። ደብተሩን የለመነችኝ እሷ ናት። እሷ ትመሰክርልኛለች» አልኳት። ፈጠነች ሳቀች፤ «እናቴ?» አለችና እንሰቷን መፋቅ ቀጠለች። እስከ አስፋልቱ ድረስ የመፋቂያው ድምፅ ተከተለኝ።

ተመልሼ ሶዶ ስደርስ ዘጠኝ ሰዓት አልፏል። ቤታችን ሁለት ክፍል ነው፤ ከጋሽ ቡርሃን ጨርቅ መደብር ጀርባ፣ ከራሳቸው የተከራየነው። የፊተኛው ክፍል ጥግ ላይ የኔ ስፌት መኪና ከተማሪዎች ዩኒፎርም ክምር ጋር አለ። ጥጋቡ ክምሩን ወደ ግድግዳ ገፍቶ ወንበር ደርድሯል፤ አምቦ ውሃም ገዝቷል፤ ለኔ መፈቻ የሚሆን ግብዣ ማለት ነው። ጋሽ ቡርሃን አንዱ ሽማግሌ፣ የእድራችን ዳኛ ጋሽ ኃይለመስቀል ሁለተኛው፣ ኤርካሎ ሦስተኛው። እማማ ዓመለወርቅ ባለ መደገፊያው ወንበር ላይ ነጠላዋን አጣፍታ ተቀምጣለች። ስገባ ስለ ሲሚንቶ ዋጋ ነበር የሚያወሩት፤ ጋሽ ቡርሃን «ስልጤ ላለው ቤተሰቤ ቤት ሳልሠራ ልሞት ነው» ይላሉ፤ ሁሉም ይስቃሉ። እኔን ሲያዩ ሳቁን አቆሙ። ከተቀመጠው አንድም ሰው «ምሳ በልተሻል?» አላለኝም። የጤና መድህኑ ደብተር ጠረጴዛው ላይ እንደ ማስረጃ ተቀምጧል።

ኤርካሎ ሳይፈቀድለት ጀመረ። አማርኛው የጉኑኖ ነው፤ ሴቱንም ወንዱንም በአንድ ይጠራል። «የኔ ሚስት ስድስት ወለደ! አንድ ቀን በቃኝ አላለም፣ አንድ ቀን አላኮረፈም። ይሄ ግን የወንድሜን ዘር ቆለፈ። እንዲህ ያለ ሴት ሰው ነው?» አለ፣ በጣቱ እየጠቆመኝ። አማቴ ደብተሩን ነበር የምታየው። «ስድስት» የምትል አንዲት ቃል ጥርሴ ሥር ነበረች። ካርዱ ላይ ስድስት ጊዜ ወልዳለች የሚል ተጽፏል፣ ሄዳችሁ ዶክተሩን ጠይቁ ብል ነገሩ ሁሉ ያልቃል። ጋሽ ኃይለመስቀል ቢያንስ ለቁጥር ሰው ናቸው፤ ይደምሩታል። ግን ስድስት የወለደችዋ ሴት ባል ከፊቴ አምቦ ውሃ ይጠጣል። ፈጠነችን በዚያ ሰዓት ጠላኋት፤ አሁንም እጠላታለሁ። ሆኖም እዚህ ክፍል ውስጥ አፌን ከፍቼ ዱላ ወደ ቤቷ የምልክ እኔ አልሆንም አልኩ። ሆድ ይፍጀው። ደግሞ ተስፋዬ እማማ ላይ ነበር። እናት ናት፤ ልጇን ሳታጋልጥ እኔን የምታወጣበት ዘዴ አታጣም ብዬ ነበር፣ ሞኝ አይደለሁ!

«እኔ አላስደረግሁም» አልኩ። «ካርዱ ተሳስቷል። የተቆረጠ ሰው ጠባሳ አለው፤ እኔ የለኝም። ይታይ።» ጋሽ ቡርሃን አንገታቸውን ደፉ፤ «አስተግፊሩላህ» አሉ። ጋሽ ኃይለመስቀል ግን አሰቡበትና «ነገሩ ትክክል ነው። ጠባሳ ካለ አለ፣ ከሌለ የለም። ሴት ትይ። እማማ ዓመለወርቅ፣ እርስዎ እናት ነዎት፤ ወደ ውስጥ ይግቡና ይዩ» አሉ። ከዚያ ቀን ሁሉ ልቤ የተነፈሰው ያን ጊዜ ብቻ ነው። ከሷ የተሻለ ምስክር ከየት ይመጣል? እኔም ልጇም እኩል እንወጣለን፤ እሷ «የለም» ትላለች፣ ካርዱ ተሳሳተ ይባላል፣ ፈጠነችም እንሰቷን ትፍቃለች።

መኝታ ክፍሉ ውስጥ አንድ አልጋና የልብስ ሣጥን ነው ያለው፤ ሁለት ሰው ከቆመበት መዞሪያ የለውም። መስኮቱን ከፍቼ ቀሚሴን ገለጥኩ። የአስር ሰዓት ፀሐይ ሆዴ ላይ አረፈች። እማማ ጎንበስ ብላ አየች። ረጅም ጊዜ ነው ያየችው፤ ትንፋሿ ቆዳዬ ላይ ይሰማኝ ነበር። ከዚያ ቀሚሴን በገዛ እጇ ወደ ታች መለሰችና፣ ጨርቁን ሆዴ ላይ በመዳፏ ቀስ አድርጋ አስተካከለችው፤ ሙሽራ ሳለሁ እንዳደረገችው። ምርቃት መሰለኝ። ተከትያት ወጣሁ።

«አለ» አለች፣ ገና ሳትቀመጥ። «ጠባሳ አለ።»

የስፌት መኪናውን ጫፍ ያዝኩ። ጋሽ ኃይለመስቀል ጠንቃቃ ሰው ናቸው፤ እድር ላይ እንደሚያደርጉት «የት ጋ ነው? ለቃለ ጉባኤ ያህል» አሉ። እማማ ዋሽታ አታውቅም ማለት አይደለም፤ ግን ያላየችውን ነገር ፈጥራ መናገር አትችልም። ስለዚህ ያየችውን ተናገረች። «ከእንብርት በታች። አንድ ጣት ይሆናል። ወደ ግራ ዞር ይላል። እንደ ትል አብጧል» አለች፣ በጣቷ ነጠላዋ ላይ እያሳየች።

የኤርካሎ ብርጭቆ አፉ አጠገብ ቆመ። «ወደ ግራ?» አለ። ብርጭቆውን አስቀመጠው፤ አስቀመጠና ቆመ። «የፈጠነችም እዚያ ነው ያለው። እንደዚያ ነው ያበጠው። ትርፍ አንጀት አውጥተውልኝ ነው ብሎኛል።» የእማማ ጣት ነጠላዋ ላይ እንዳለ ቀረ። ምን እንዳደረገች ያን ጊዜ ገባት፤ ፊቷ አመድ መሰለ። ልጇን ልትሸሽግ ብላ የልጇን ሆድ ገልጣ ለባሏ አሳየችው። ኤርካሎ ወደኔ ዞረ። «አንተ፣ እውነቱን ንገረኝ። ጠባሳው ያንተ ነው ወይስ የሌላ ሰው?» አለኝ። ኮፍያው በእጁ ነው። የጉኑኖ መኪና እስከ አስራ ሁለት ሰዓት አለ።

እማማ ዓመለወርቅ አየችኝ። በሰባት ዓመት ውስጥ እንደዚያ አይታኝ አታውቅም፤ ልመና ነበር፣ አሁን አሁን ሳስበው ትእዛዝም ነበረበት። እኔ ምን ልበል? የኔ ነው ብል ራሴን ገደልኩ፤ አይደለም ብል ፈጠነችን። ይህ ደግሞ የኔ ጥያቄ አይደለም፤ የቤተሰቡ ጥያቄ ነው። ስለዚህ ለቤተሰቡ ሰጠሁት። «ባሌ እዚህ ተቀምጧል» አልኩት። «ሰባት ዓመት አንድ አልጋ ላይ ተኝተናል። ሆዴን ከኔ በላይ ያውቀዋል። እሱን ጠይቀው።»

ጥጋቡ መጀመሪያ እናቱን አየ። ቀጥሎ የኤርካሎን ኮፍያ አየ። በመጨረሻ እኔን አየኝ፤ ከጠዋት ጀምሮ ለመጀመሪያ ጊዜ። ጥጋቡ ሞኝ አይደለም፤ ሁሉም ነገር እንደገባው ዓይኑ ውስጥ አየሁት፤ ደብተሩም፣ እህቱም፣ እናቱም። ሆዴ ላይ ያለችውን ትንሽዬ ጥቁር ነጥብ እንኳን የሚያውቅ ሰው ነው። ለእህቱም ለሚስቱም የሚሆን ሌላ መልስ ቢፈልግ ኖሮ፣ እኔ ቀኑን ሙሉ የፈለግሁትን ያህል ቢፈልግ ኖሮ፣ እኔ እንዲህ አልናደድም ነበር። አልፈለገም።

«አላት» አለ። «አይቻለሁ።»

ኤርካሎ ትንፋሹን ለቀቀ። ተቀመጠ፤ ብርጭቆውን አንስቶ ጨለጠው። «እኔ ደግሞ ሰይጣን አሳስቶኝ ነው» ብሎ ሳቀ፤ «ሐኪም ሁሉንም ሰው አንድ ቦታ ነው እንዴ የሚቀደው?» ሌሎቹም ትንሽ ሳቁ። ጋሽ ኃይለመስቀል ውሳኔውን ሲናገሩ ብዙውን አልሰማሁትም፤ አረካ፣ አባቷ ቤት፣ ነገሩ እስኪጣራ የሚል ነበር። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይላሉ። የኔ እውነት እዚያ ክፍል ውስጥ ለኔ፣ ለእማማና ለጥጋቡ ጠርቶ ነበር፤ የቸገረው ሌላ ነገር ነው።

ከስፌት መኪናው መሳቢያ ትልቁን መቀስ አወጣሁ። ጋሽ ቡርሃን ደንግጠው ከወንበራቸው ተነሱ፤ እኔ ግን ጠረጴዛው ላይ ያለውን ደብተር ነበር ያነሳሁት። ገለጥኩና ፎቶውን ከነወረቀቱ ከመሃል፣ ከጥጋቡ ትከሻ ጀምሮ ቆረጥኩት። መቀሱ ስለታም ነው፤ ዘጠኝ እጥፍ ዩኒፎርም ይቆርጣል። የኔን ግማሽ ጡቴ ሥር ከተትኩ፤ ጥጋቡ ያለበትን ደብተር ባዶ ቦታው ወደ ላይ እንደሆነ መልሼ አስቀመጥኩት።

«ደብተሩን አበላሸሽው!» አለች እማማ። «ከእንግዲህ ለማን ይሆናል?»

«ከእንግዲህ የታመመ ሰው በራሱ ስም ይሂድ» አልኳት። ጥጋቡ መሬት መሬት ያያል። ነጠላዬን አነሳሁ፤ የአረካ መኪና እስኪሞላ ጊዜ አለኝ። በሩ ጋ ደርሼ ዞር ስል፣ እማማ ዓመለወርቅ የተቆረጠውን ደብተር ጭኗ ላይ አድርጋ በመዳፏ ቀስ እያለች ታስተካክለው ነበር።